ማርሽሜሎ ምንድን ነው? ለምንስ መጸው ላይ እንሠራዋለን?

አራት ኪሎ በምንኖርበት ሕንፃ እሑድ ከሰዓት ቡና ይፈላል። ባለፈው ጥቅምት ከፈንዲሻው አጠገብ አንድ ሳህን ነጭ ነጭ ነገር አስቀመጥኩ። ጎረቤቴ እናት አንዱን አንስተው በሁለት ጣታቸው ጫን አደረጉት። ጎደጎደ፤ ሲለቁት ተመለሰ። «ልጄ፣ ይሄ ጥጥ ነው ምግብ?» አሉኝ። ቀመሱት። ከዚያ ጥያቄ አከታተሉ። ከምን ተሠራ? የጾም ነው የፍስክ? ለምንስ ክረምቱን ሙሉ ሳትሠሪ አሁን?

ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ቡናው ቶና እስኪደርስ የመለስኩላቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ማርሽሜሎ አየር የያዘ ከረሜላ ነው። ስኳር ከውሃ ጋር ይፈላል፤ ጀላቲን የሚባል የሚያረጋ ዱቄት ይገባበታል፤ ከዚያ ነጥቶና ነፍቶ ሁለት ሦስት እጥፍ እስኪሆን ይመታል። ሲቀዘቅዝ ይረጋል። እንጀራን አስቡ። ምጣድ ላይ ሊጡ ውስጥ ያለው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ዓይን ይሠራል። ማርሽሜሎ ውስጥ ያለው አየር ግን መውጫ የለውም፤ ጀላቲኑ ባለበት ይይዘዋል። ዓይኖቹ በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ አንድ በአንድ አይታዩም። የምናየው ንጣታቸውን ነው። ቀለም አልተጨመረበትም፤ ብርሃኑ በእነዚያ ሁሉ አረፋዎች ላይ ተበታትኖ ነው ነጭ የሚሆነው።

ስሙ የአንድ ተክል ስም ነው። ረግረግ ቦታ የሚበቅል፣ ሥሩ ሲዘፈዘፍ እንደ ተልባ ውሃ ዝልግልግ የሚል ተክል። የእኛ ልት የሥጋ ዘመዱ ነው፤ ባሚያም የዚያው ቤተሰብ ናት። ባሚያ ከትፎ ያበሰለ ሰው ዝልግልጉን ያውቀዋል። ስሙን ወደ አማርኛ ብናመጣው «የረግረግ ልት» ብንል አንርቅም። ድሮ ሥሩ ለጉሮሮና ለሳል መድኃኒት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ጣፋጭ ሠሪዎች ያንን ዝልግልግ ከስኳርና ከእንቁላል ነጭ ጋር እየመቱ ለስላሳ ከረሜላ አደረጉት። በኋላ ጀላቲን መጣና ሥሩን ተካው። በ1950ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አሌክስ ዱማክ የተባለ ሰው ድብልቁን በቱቦ እየገፋ የሚያወጣ ማሽን ሠራ። ሱፐርማርኬት የምናየው ድብልብል ቅርጽ የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬ ማርሽሜሎ ውስጥ ተክሉ የለም። ስሙ ብቻ ቀርቷል።

ጀላቲን ደግሞ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው። የበሬ እግር ቀቅላችሁ መረቁን አሳድራችሁ ታውቃላችሁ? ጠዋት ድስቱን ስትከፍቱት ረግቶ ይንቀጠቀጣል። ያ ነው ጀላቲን። ፋብሪካ ውስጥ ይጣራል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ከአፋችን ሙቀት ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚቀልጥ ነው ማርሽሜሎ ምላስ ላይ ሟሙቶ የሚጠፋው።

እንግዲህ የጎረቤቴ ሁለተኛ ጥያቄ እዚህ ላይ ተመለሰ። የፍስክ ነው። እንቁላል ባይገባበትም፣ ወተት ባይነካውም የፍስክ ነው። ሌላም ነገር አለ። ብዙ ጀላቲን ከአሳማ ይሠራል። ቡና ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ የምገዛው የበሬ ወይም የዓሣ መሆኑ፣ ሐላል መሆኑ የተጻፈበትን ብቻ ነው። ካልተጻፈበት እተወዋለሁ። ለእንግዳ «ከምን እንደሆነ እንጃ» ብሎ ማቅረብ ደስ አይለኝም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ላንሳ። እኔንም ብዙ ስኳር ያስደፋኝን።

የኢንተርኔት አሠራሮች «ሽሮፑ 115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ አውርዱ» ይላሉ። እንደተባልኩት አደረግኩ። ቴርሞሜትሩ 115 ሲል አወረድኩ፣ መታሁ፣ አሳደርኩ። ጠዋት ቢላዋ አልገባ አለው። ሲታኘክ መንጋጋ ያደክማል። በሁለተኛው ሙከራ ጀላቲን ቀነስኩ። ያው ነው። ጀላቲኑ ምንም አላጠፋም ነበር። ነገሩ የከተማችን ከፍታ ነው።

መሀል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። የባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚህ በ92 ገደማ ይፈላል። ለባቄላና ለሽምብራ ይህ ጉዳት ነው፤ ውሃው ፈልቶም በቂ አይሞቅም፣ ንፍሮው ይዘገያል። ስኳር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

115 የሚለው ቁጥር ምልክት ነው። የምንፈልገው ድስቱ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ማወቅ ነው። ሽሮፕ ሲፈላ ውሃው እየተነነ ይሄዳል። ስኳሩ በወፈረ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። ባሕር ዳርቻ ላይ 115 ሲደርስ ከመቶ 85 ያህሉ ስኳር ሆኗል፤ ለማርሽሜሎ የሚበቃው ውፍረት ያ ነው። እኛ ጋ ሽሮፑ እዚያው ውፍረት ላይ የሚደርሰው 8 ዲግሪ ያህል ቀደም ብሎ፣ 107 አካባቢ ነው። 115ን የጠበቀ ሰው አልፎት ሄዷል። ውሃውን ጨርሶታል። ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ደረቅ ከረሜላ እያመራ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሥራ ሳትጀምሩ ንጹሕ ውሃ አፍሉና ቴርሞሜትሩን ክተቱበት። ያነበባችሁትን ከ100 ቀንሱ። የቀረውን ከ115 ቀንሱ። እኔ ጋ ውሃው በ92 ይፈላል፤ ልዩነቱ 8 ነው፤ ስለዚህ 107 ላይ አወርዳለሁ። እንጦጦ ሥር የሚኖር ሰው ከዚህም ትንሽ ዝቅ ይላል። 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዳማ ለምትኖር እህቴ 110 አካባቢ ይሆናል። ደግሞ የዚህ ዘዴ ጥቅሙ፣ ቴርሞሜትሩ ራሱ ትንሽ የሚዋሽ ቢሆንም ስህተቱን አብሮ ያስተካክለዋል።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰውም አይቅርበት። በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ያዙ። ከሽሮፑ ጠብ አድርጉበት። ውሃው ውስጥ በጣት ሲሰበሰብ ለስላሳ ድብልብል ከሆነ፣ ሲወጣ ደግሞ ጠፍጠፍ ካለ ደርሷል። ውሃ ውስጥ ከተበተነ ገና ነው። ጠንክሮ ቅርጹን ከያዘ አልፏል። ይህ ሙከራ አዲስ አበባም ምጽዋም ላይ እኩል ይሠራል።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። ለምን መጸው?

አንደኛው ምክንያት ማር ነው። የፈረንጆቹ አሠራር የበቆሎ ሽሮፕ ይጠይቃል። ያስፈለገበት ምክንያት አለው፤ ስኳር ብቻውን ሲፈላና ሲቀዘቅዝ እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ሌላ ዓይነት ስኳር ሲቀላቀልበት ይህ አይሆንም። ማር ደግሞ በተፈጥሮው በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው። ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ መዓዛውን በነፃ ይጨምራል። ክረምቱ ሲወጣ ሜዳው በአደይ አበባ ይሸፈናል፣ ንቦቹ ይሠራሉ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ አዲስ ማር ይቆረጣል። ታዲያ ትኩስ ማር እያለ የታሸገ ሽሮፕ ፍለጋ መዞር ምን ያደርጋል?

ሁለተኛው አየሩ ነው። ማርሽሜሎ እርጥበት ይስባል። ሐምሌ ላይ ሠርቼ አውቃለሁ። በማግስቱ አላበው፣ እርስ በርሱ ተጣበቀ፣ የነሰነስኩበትን ዱቄት ጠጥቶ ጨረሰው። ጥቅምት ላይ ግን አየሩ ደረቅ ነው። ሌሊቱን ጠረጴዛ ላይ ያደረ ማርሽሜሎ ላዩ ደርቆ፣ ውስጡ ለስልሶ ይገኛል። ልብስ ቶሎ በሚደርቅበት ሰሞን ማርሽሜሎም ያምራል።

ሦስተኛው የቀን መቁጠሪያው ነው። ከመስቀል በኋላ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 እስኪገባ ድረስ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ፍስክ ነው። የጽጌን ጾም በፈቃዳቸው የሚጾሙ ቤቶች አሉ፤ ለእነሱ ሳህኑን አላዞርም። ለቀረነው ግን ከፊታችን ስምንት ሳምንት ያህል አለ።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። 21 ግራም የጀላቲን ዱቄት በ120 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በትኜ አሥር ደቂቃ አስቀምጣለሁ። ይጠጣና ያብጣል። ሙቅ ውሃ ከሆነ ይጓጉላል፣ ስለዚህ ቀዝቃዛ ይሁን። ድስት ውስጥ 300 ግራም ስኳር፣ 200 ግራም ማር፣ 120 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ቆንጥጬ ጨው። ድስቱ ትልቅ መሆን አለበት፤ ማር ሲፈላ ተነስቶ ይገነፍላል። ስኳሩ ከሟሟ በኋላ አላማስለውም። 107 ሲደርስ አወርደዋለሁ። መፍላቱን ሲያቆም ጀላቲኑ ላይ በቀጭኑ እያፈሰስኩ በሚክሰር መምታት እጀምራለሁ። ጀላቲኑን ግን እሳት ላይ አላፈላውም፤ ብዙ ከፈላ የመርጋት ኃይሉ ይደክማል።

መምታቱ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። መጀመሪያ ቡናማ ውሃ ነው። ከዚያ ወተት ይመስላል። በመጨረሻ ይወፍርና ከመምቻው ላይ እንደ ጥብጣብ እየተጣጠፈ ይወርዳል፤ ሳህኑን ከውጭ ስትነኩት ለብ ብሏል። ሳህኑም መምቻውም ቅባት የነካው መሆን የለበትም። ትንሽ ቅቤ እንኳ አረፋውን ያሳንሰዋል። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ አትደንግጡ። በእጅ መምቻ ይቀጥላል፤ ሰው ብቻ ያስፈልጋል። እኛ ቤት ሦስት ሆነን እየተቀባበልን አድርሰነዋል። ካቆማችሁ ግን ሳህኑ ውስጥ ይረጋል።

ዘይት የተቀባና ዱቄት የተነሰነሰበት 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ትሪ ላይ ገልብጡት። ዱቄቱ እኩል የበቆሎ ስታርችና እንደ ዱቄት የደቀቀ ስኳር ነው፤ በወንፊት ይነፋል። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ዘይት በነካው ቢላዋ ቁረጡትና የተቆረጠውን ጎን ሁሉ በዚያው ዱቄት አንከባልሉት።

ቅመሙ ላይ ሰፊ ሜዳ አለ። እኔ የምወደው ቀረፋና ቅርንፉድ ነው። ሽሮፑ የሚፈላበትን ውሃ አስቀድሜ ከሁለት እንጨት ቀረፋና ከሦስት አራት ፍሬ ቅርንፉድ ጋር አፍልቼ አጠላዋለሁ፤ የተነነውን ሞልቼ 120 አደርሰዋለሁ። የሻይ ቅመም ሽታ ነው የሚሰጠው። ኮረሪማ ደግሞ ከመርካቶ በርበሬ በረንዳ እገዛለሁ። ፈልፍዬ፣ አድቅቄ፣ ነፍቼ፣ መምታቱ ሊያልቅ ሲል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ። ከዚያ በላይ ከሆነ ወጥ ወጥ ይላል። ቡና ለሚወድ ደግሞ ጀላቲኑ የሚዘፈዘፍበትን ውሃ በቀዘቀዘ ወፍራም አቦል መተካት ነው። ጎረቤቴ ከሁሉም የመረጡት ይህንን ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ትኩስ ዝንጅብል ነው። ጥሬ ዝንጅብል፣ ጥሬ ፓፓያና ጥሬ አናናስ ፕሮቲን የሚበላ ነገር አላቸው። ሥጋ የሚያለሰልሱትም በዚሁ ነው። ጀላቲን ፕሮቲን ስለሆነ ይፈርሳል፤ ማርሽሜሎው ጨርሶ አይረጋም። ሙቀት ግን ያንን ነገር ይገድለዋል። ስለዚህ ዝንጅብሉን ከሽሮፑ ውሃ ጋር አስቀድማችሁ አፍሉት። የተፈጨ ደረቅ ዝንጅብል ከሆነም ከሽሮፑ ጋር ይፍላ።

ሲቀመጥ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ዕቃ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሁን። ፍሪጅ አይወድም፤ ሲወጣ ያልበዋል። ሁለት ሳምንት ይቆያል።

ቡናው ካለቀ በኋላ ረመጡ ላይ መጥበስም ይቻላል። በቀጭን እንጨት ሰክታችሁ ከከሰሉ ከፍ አድርጋችሁ አዙሩት። ላዩ ወርቃማ ይሆናል፣ ስኳሩ ይቃጠልና ትንሽ መረር ይላል፣ ውስጡ ይፈሳል። የቤቱ ከፋብሪካው ቶሎ ይቀልጣልና ዓይናችሁን አትንቀሉ። የጎረቤቴ የልጅ ልጆች ይህን ከተማሩ ወዲህ ረመጡን ማንም እንዲያጠፋ አይፈቅዱም። ባለፈው ዓመት የመጨረሻዎቹን ስድስት ፍሬዎች ኅዳር 14 ማታ ቅበላ ላይ ጠበስናቸው። ሁለቱ የአቦል ነበሩ፤ እነሱን ለአያታቸው አስቀርተውላቸዋል።