ከአንድ ቆጣሪ ኋላ ያሉ ቤቶች፦ ስለ ጋራ መብራት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አዳማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ግቢው ውስጥ አምስት ስድስት ክፍል አለ። አንዱ ጋ ቤተሰብ፣ አንዱ ጋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አንዱ ጋ የፋብሪካ ሠራተኛ ይኖራል። ቆጣሪው ግን አንድ ነው፤ እሱም በአከራዩ ስም። የወሩ ሂሳብ ሲመጣ ክርክር ይነሳል። ፍሪጅ ያለው ማን ነው? ምጣድ የጣደው ማን ነው? ቬንትሌተር ሌሊቱን ሙሉ ያሳደረውስ?

በዚህ ጉዳይ ሰው ሲያወራ ደጋግመው የሚመጡ አባባሎች አሉ። ብዙዎቹ ልክ አይደሉም፤ ስህተታቸው ደግሞ ከኪስ ይወጣል።

«ሂሳቡን እኩል ከተካፈልን ማንም አይጎዳም»

ይጎዳል። እንዲያውም ሁሉም አብሮ ይጎዳል። የቤት መብራት ታሪፍ በእርከን ነው የተሠራው። ትንሽ ለሚጠቀም ቤት የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ዝቅ ይላል፤ ፍጆታው ሲጨምር ዋጋውም ከፍ ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። አቅም የሌለው ቤተሰብ ቢያንስ አምፖሉን አብርቶ፣ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ እንዲያድር ነው።

እስከ መስከረም 2017 የነበረውን ታሪፍ ለምሳሌ እንውሰድ። በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የአንዱ ዋጋ 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። ከ100 በላይ እስከ 200 ባለው እርከን ግን 1 ብር ከ62 ሳንቲም ገደማ። አሁን አራት ቤተሰብ አስቡ፤ እያንዳንዱ በወር 50 ብቻ ነው የሚጠቀመው። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው፣ የአገልግሎት ክፍያውን ሳንቆጥር፣ እያንዳንዱ ከ14 ብር ያነሰ ይከፍል ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲሆኑ ግን ለመብራት ኃይል የሚታየው 200 የሚጠቀም አንድ ደንበኛ ነው። የላይኛው እርከን ዋጋ የታችኛውን ስድስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ድጎማው የታሰበላቸው ቤተሰቦች ድጎማውን ሳያገኙት ይቀራሉ ማለት ነው። በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ማንም ሳይሰርቃቸው የሚያጡት ገንዘብ ነውና።

ከመስከረም 2017 ወዲህ ዋጋው በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ እንዲሄድ ተወስኗል። በእርከን የመሄዱ ነገር ግን አልተለወጠም። የተጨማሪ እሴት ታክሱም እንዲሁ በፍጆታው መጠን ይወሰናል። በወር ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የማይጠቀም ቤት ከታክሱ ነፃ ነው። የአንድ ግቢ ተከራይ ፍጆታ ሲደመር ግን ያንን መስመር በቀላሉ ያልፋል።

«ስሙ ቆጣሪው ላይ ከሌለ ደንበኛ አይደለም፤ ሕግም አያውቀውም»

ይህ አባባል እኛ አገር ብቻ አይደለም ያለው። እንግሊዝ አገር በማሞቂያ ላይ ልክ ይሄው ክርክር ለዓመታት ሲካሄድ ቆይቷል። ለንደን ዘመድ ያለው ሰው ጠይቆ ሊያረጋግጥ ይችላል።

እዚያ በብዙ አፓርታማዎች እያንዳንዱ ቤት የራሱ ማሞቂያ የለውም። ውኃው አንድ ቦታ ይሞቅና በቱቦ ለሁሉም ቤት ይዳረሳል። አሠራሩ አዲስ አይደለም። ፒምሊኮ በሚባለው የለንደን ሰፈር የተሠራው ከ1950 ጀምሮ ይታወቃል (ስለ እንግሊዝ ሳወራ ዓመቶቹ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ካለው የባተርሲ ኃይል ማመንጫ የሚተርፈውን ሙቀት ለመኖሪያ ቤቶች ያውሉት ነበር። ዛሬ በአገሪቱ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት እንዲህ ባለ የጋራ ማሞቂያ ይጠቀማል።

ችግሩ ምን ነበር? ተራው ሰው ጋዝ ወይም መብራት አቅራቢው ካልተመቸው ወደ ሌላ ይዞራል። በጋራ ማሞቂያ የሚኖር ሰው ግን መዞሪያ የለውም፤ ቱቦው አንድ ነው። ጋዙን የሚገዛው ደግሞ የሕንፃው ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ ነው፤ ያውም በንግድ ውል። በ2022 የጋዝ ዋጋ ጣራ ሲነካ፣ ለመኖሪያ ቤቶች የተቀመጠው የዋጋ ገደብ እነዚህን ሰዎች አልሸፈናቸውም። ለምን? በወረቀት ላይ ደንበኛው እነሱ ሳይሆኑ ከፊታቸው የቆመው ድርጅት ነበራ። እቤታቸው ተቀምጠው የሚበርዳቸው እነሱ፣ ደንበኛ የሚባለው ሌላ።

እዚያ አገር «ስምህ ስለሌለ አንተ ደንበኛ አይደለህም» ብለው አልተዉትም። የገበያ ውድድር ባለሥልጣኑ በ2018 ባወጣው ጥናት ዘርፉ ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል አለ። መንግሥት ከ2020 ጀምሮ ሐሳቡን ለሕዝብ አስተያየት ደጋግሞ አቀረበ። በ2023 የኢነርጂ ሕግ ወጣ፤ ኦፍጌም የሚባለው የመብራትና የጋዝ ተቆጣጣሪ ማሞቂያውንም እንዲቆጣጠር ሥልጣን ተሰጠው። ከሚያዝያ 2025 ወዲህ የጋራ ማሞቂያ ተጠቃሚ አቤቱታውን ለኢነርጂ ዕንባ ጠባቂው ማቅረብ ይችላል። የኦፍጌም ሙሉ ቁጥጥር ደግሞ በጥር 2026 ጀመረ።

እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ደንበኛ ማለት የሚጠቀመውና የሚከፍለው ሰው ነው። በመሃል አከራይ ወይም ሕንፃ አስተዳዳሪ ስለገባ ሰውየው ከጥበቃ ሊወጣ አይገባም።

«ይሄ ሁሉ የአከራይ ስግብግብነት ነው»

የሚያተርፍ አከራይ የለም አልልም። በአምፖል ቁጥር፣ በፍሪጅ፣ በምጣድ እየቆረጠ የሚያስከፍል ሰው ከቢሉ በላይ ሊሰበስብ ይችላል። ነገር ግን ብዙ አከራይ ራሱም ተቸግሯል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት አካባቢ ይስባል። አንድ ተከራይ ለመሸጥ እንጀራ መጋገር ሲጀምር ጠቅላላው ሂሳብ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። እትዬ ደግሞ ማንን ምን ብለው እንደሚያስከፍሉ ግራ ይገባቸዋል።

እዚህ ላይ የሚረዳው መለካት ነው። በየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ማስገጠም፣ ወር ሲያልቅ አከራይና ተከራይ አብረው ማንበብ፣ ዋናውን ቢል ደግሞ ፎቶ አንስቶ ለግቢው ሰው ሁሉ በቴሌግራም መላክ። የጋራ የሆነው፣ ማለትም የግቢ መብራትና የውኃ ፓምፕ፣ ለብቻው ተቆጥሮ ይካፈላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ይደነግጋል። እንግዲያው የመብራቱ አከፋፈል እዚያው ውል ላይ ቢሰፍር ለሁለቱም ወገን ይበጃል። «እትዬ፣ ቢሉን እንየው» ማለት ነውር አይደለም። ማሳየትም ውርደት አይደለም።

«ተቆጣጣሪ ከገባ ዋጋ ይወርዳል»

እንደዚያ ተብሎ ቃል አይገባም። እንግሊዝም ቁጥጥሩ ሲጀመር በጋራ ማሞቂያ ላይ የዋጋ ጣራ አልተቀመጠም። የተቀመጠው ዋጋው አግባብ እንዲሆንና ሂሳቡ ግልጽ እንዲሆን ነው።

«የሕዝብ ውይይት ለይስሙላ ነው፤ ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው»

እንዲህ የሚል ሰው አይፈረድበትም። አዳራሽ ተጠርቶ፣ ንግግር ሰምቶ፣ ለስላሳ ጠጥቶ የተመለሰ ብዙ ነው። ሕጉ የሚለው ግን ከዚያ በላይ ነው። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሚባል አለ። አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ረቂቁን አስቀድሞ ለሕዝብ ማስታወቅ አለበት። አስተያየት መቀበያ ቢያንስ 15 የሥራ ቀን መስጠት አለበት። ያልተመዘገበ መመሪያ ደግሞ ተፈጻሚ አይሆንም። ይህ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንም ይሠራል፤ የመብራት አገልግሎትን የሚቆጣጠረው እሱ ነው።

አዳማ ተቀምጠን አስተያየት በጽሑፍ መላክ እንችላለን ማለት ነው። አዳራሽ መግባት ግድ አይደለም። «መብራት ተወደደ» ብቻ ብሎ መጻፍ ግን ለሚያነበው ባለሙያ የሚይዘው ነገር አይሰጠውም። የግቢያችሁን ቁጥር ጻፉ። ስንት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማል? ጠቅላላው ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት መጣ? ለየብቻ ቢሆን ስንት ትከፍሉ ነበር?

እኔ ብጠየቅ ሦስት ነገር እጽፋለሁ። በአንድ ቆጣሪ ኋላ ያሉ አባወራዎች ይቆጠሩ፤ ዝቅተኛው እርከን ለእያንዳንዱ ቤት ይታሰብ። ከተከራይ የሚሰበሰበው ገንዘብ ከዋናው ቢል አይብለጥ፤ ቢሉም ይታይ። በአከራይና በተከራይ ጠብ ምክንያት መብራት ያለ ማስጠንቀቂያ አይቆረጥ፤ ከተቆረጠም ተከራዩ በራሱ ስም አቤት የሚልበት ቦታ ይኑር።