ድንክዬ የጦር ሞዴሎች፦ አገጣጠማቸውና የመቆሚያቸው አሠራር በወሎ ምድር አምሳል

ድንክዬ የጦር ሞዴል በጠረጴዛ ላይ በሚካሄድ የውጊያ ጨዋታ እግረኛን፣ ፈረሰኛን ወይም መድፍን ወክሎ የሚሰለፍ፣ ከፕላስቲክ፣ ከሬዚን (በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ ከሚጠነክር ሰው ሠራሽ ቁስ) ወይም ከብረት ቅይጥ የሚሠራ ትንሽ ምስል ነው። ተጫዋቾች ሠራዊታቸውን በሜትር እየለኩ ያንቀሳቅሳሉ፤ የተኩሱንና የጨበጣውን ውጤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሉዶ በምናውቀው ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይወስናሉ። ምስሎቹ በአብዛኛው የሚሸጡት ሳይገጣጠሙና ሳይቀቡ በመሆኑ፣ መገጣጠሙ፣ መቀባቱና እያንዳንዱን ምስል መሬት በሚመስል መቆሚያ ላይ ማቆሙ ራሱን የቻለ የእጅ ሥራ ሆኗል። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በመገጣጠሙና ተጫዋቾች ቤዝ በሚሉት መቆሚያ ላይ ሲሆን፣ ምሳሌዎቹን የሚወስደው ከወሎ ምድር፣ በተለይም ከመቅደላ ነው። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡን ሁሉ በወታደሩ ላይ ጥሎ መሬቱን ለመጨረሻ ያቆየዋል። ይሁንና ወታደሩ የትና መቼ እንደተሰለፈ የሚናገረው መሬቱ ስለሆነ፣ ሥራው ከመሬቱ ቢጀመር ይሻላል።

ጨዋታው የተወለደው ከወታደራዊ ትምህርት ነው። ፕሩሲያዊው ባሮን ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1812 ለንጉሡ ያሳየው የጦር ጨዋታ በልጁ ተሻሽሎ በ1824 ለመኮንኖች ማሠልጠኛነት ዋለ። በ1913 እንግሊዝ አገር የታተሙ ቀላል ደንቦች ደግሞ ጨዋታውን ከጦር ሰፈር አውጥተው ወደ ሳሎን ወለል አመጡት። ዛሬ በስፋት የሚታወቀው ዋርሃመር የተባለው ጨዋታ በ1975 ለንደን ውስጥ በተመሠረተው ጌምስ ወርክሾፕ በ1983 ወጣ። በአገራችን መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥም የጦርነትን ጠባይ በሌላ መንገድ ይዟል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፉ ነበርና፣ ይህም ክፍል ወረራ ይባል ነበር። የወሎ ገጠር ልጅ ደግሞ ከብት ሲጠብቅ ከጭቃ በሬ እያበጀ ያደገ ስለሆነ፣ ትንሽ ምስል በጣቶቹ መካከል ይዞ ቅርጽ ማውጣት እንግዳ አይሆንበትም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው ሚዛኑ፣ ማለትም ምስሉ ከእውነተኛው የሚያንስበት ልክ ነው። በብዛት የሚገኙት ምስሎች 28 ሚሊ ሜትር የሚባሉት ሲሆኑ፣ ይህ ልክ በተለምዶ ከእግር እስከ ዓይን ያለውን ቁመት ያመለክታል፤ እውነተኛውን ሰው በግምት በ1 ለ 56 ያሳንሰዋል። በ1 ለ 72 ሚዛን 1 ሜትር ከ75 የሚረዝም ሰው 24 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህም ያነሱ፣ 1 ለ 300 ገደማ የሆኑ፣ ከስንዴ ፍሬ ብዙ የማይበልጡ ምስሎች አሉ። ምርጫው በገንዘብ ወይም በዓይን ጥንካሬ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ መሬቱም ድርሻ አለው። 100 ሜትር የሚወርድ ገደል በ1 ለ 56 ሚዛን ሲሠራ 1 ሜትር ከ79 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ማለትም በጠረጴዛው ላይ የሰው ቁመት ያህል ግድግዳ ይቆማል። በ1 ለ 300 ግን ያው ገደል 33 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የመቅደላን አምባ ከነግርማው ማሳየት የሚፈልግ ሰው ትናንሾቹን ምስሎች ይመርጣል፤ የወታደሩን ፊት፣ ጋሻና ኩታ ማሳየት የሚፈልግ ደግሞ 28 ሚሊ ሜትሩን ይዞ ከአምባው አንድ ቁራጭ፣ ለምሳሌ የበሩን አካባቢ ብቻ ይሠራል። ሁለቱንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለማሟላት የሚሞክር ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ አምባውን ወደ ጉብታ ዝቅ አድርጎት ይገኛል።

የፕላስቲክ ሞዴል ክፍሎች በቀጭን ዘንግ ከተያያዙበት ማቀፊያ ላይ ሳይነጠሉ ይመጣሉ። ለዚህ የተሠራ ጠፍጣፋ መቁረጫ ከሌለ ጥሩ የጥፍር መቁረጫ ያገለግላል። ክፍሉን በእጅ ጠምዝዞ ማላቀቅ ግን ከራሱ ከክፍሉ ቦጭቆ ያስቀራል። ዘንጉ ከክፍሉ ጥቂት ራቅ ተብሎ ይቆረጥና የቀረው ጉቶ በስለት ተከርክሞ በቀጭን ሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ቀጥሎ በምስሉ ጎንና ጎን ላይ የሚታየው፣ የቅርጽ ማውጫው ሁለት ግማሾች የተገናኙበት ቀጭን መስመር በስለቱ ጀርባ ቀስ ተብሎ ይፋቃል። ይህ መስመር በጥሬው ፕላስቲክ ላይ ሲታይ ምንም አይመስልም፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ ግን በወታደሩ ጉንጭ ላይ እንደ ጠባሳ ጎልቶ ይወጣልና ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። የሬዚን ክፍሎች ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት ስለሚኖራቸው በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ታጥበው ይደርቃሉ፤ የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ጎጂ በመሆኑም ሁልጊዜ በውኃ እያረጠቡ መሞረድ ግድ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ተዋጊ ምስል ልዩ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ጦሩ ነው። 2 ሜትር የሚረዝም ጦር በ1 ለ 56 ሚዛን 36 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ትክክለኛ ቅጥነቱን ጠብቆ የተሠራ የፕላስቲክ ጦር ከማቀፊያው ሲላቀቅ ወይም በመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ይሰበራል። በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ከተዘጋው መዳፍ ላይ የፕላስቲኩን ጦር ቆርጦ በቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳ ያወጣና ቀጥ ያለ ሽቦ ያሳልፍበታል፤ የሽቦውን ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጦ በሞረድ ሲያሾለውም ጦሩ ከነስለቱ ይወጣል። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ምስሉን ለዓመታት ያቆየዋል።

ሙጫው እንደ ቁሱ ይለያያል። የፕላስቲክ ሲሚንቶ የሚባለው ሙጫ ፖሊስቲሪን የተባለውን ፕላስቲክ በጥቂቱ አቅልጦ ሁለቱን ክፍሎች አንድ አካል ያደርጋል፤ በብረትና በሬዚን ላይ ግን አይሠራም። ለእነዚህ የሚሆነው ሱፐር ግሉ ሲሆን፣ የሚጠነክረው ከአየሩ በሚያገኘው እርጥበት ስለሆነ በስሱ መቀባት አለበት፤ ሲበዛ መድረቁ ይዘገያል፣ መያዣውም ይደክማል። ከበድ ያለ የብረት ክንድ በሙጫ ብቻ ስለማይጸና ሁለቱም ወገን ተበስቶ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ቁራጭ እንደ ችካል ይገባበታል። ከማጣበቅ በፊት ክፍሎቹን ያለ ሙጫ ገጥሞ ማየት፣ ከተጣበቁም በኋላ የቀረውን ክፍተት በስቱኮ መድፈን የዘወትር ልማድ ነው።

መቆሚያው ሦስት ነገር ያከናውናል፦ ምስሉ እንዳይወድቅ ይይዘዋል፣ በጨዋታው ደንብ ርቀትና ንክኪ የሚለካበትን ልክ ይወስናል፣ መሬቱንም ያሳያል። ለ28 ሚሊ ሜትር እግረኛ 25 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ መቆሚያ፣ ለፈረሰኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ 25 በ50 ሚሊ ሜትር የሆነ ይመረጣል። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ይህን አዝዞ ማስመጣት ጊዜና ገንዘብ የሚፈጅበት ሰው በእጁ ላይ ያለውን የጠርሙስ ቆርኪ ይመልከት። ስፋቱ በሁለቱ ልኮች መካከል ይወድቃል፤ ለስላሳው ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ሆዱ በጄሶ ሲሞላ ክብደት አግኝቶ ምስሉን አጽንቶ ያቆማል፤ ጥርስ ጥርሱ ጠርዝም በስቱኮ ተደፍኖ በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ከተገዛው ጋር ብዙ ልዩነት የለውም። ልኩ ከደንቡ ጋር እንዳይጋጭ ብቻ ሁሉም ወታደር በአንድ ዓይነት ቆርኪ ላይ መቆም ይኖርበታል።

የመሬቱ አሠራር ከትልቁ ወደ ትንሹ ይሄዳል። መጀመሪያ ዓለቱ ይተከላል። ለወሎ ጥቁር ድንጋይ ተሰብሮ ተደራርቦ የሚታየውን የጠርሙስ ቡሽ ወይም የከሰል ስብርባሪ የሚተካከለው የለም፤ ከሰሉ ግን እንዳያጠቁርና እንዳይፈረፈር በቀጭን ኮላ መለበጥ አለበት። ከዚያ አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ኮላ በአሮጌ ቡሩሽ ይቀባና በወንፊት የተነፋ አሸዋ ይነሰነስበታል። ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ደቃቅ አሸዋ ብቻ መጠቀም መሬቱን የተለሰነ ወለል ያስመስለዋል፤ ደቃቁን ከሻካራው፣ ሻካራውንም ከጥቂት ጠጠር ጋር መቀላቀል ይሻላል። ከሜዳ የተዘገነ አፈር ነፍሳትና ሻጋታ ሊይዝ ስለሚችል በምጣድ ላይ ሊታመስ ይገባዋል። በደንብ የደረቀ የቡና አተላም ለም አፈርን ለመምሰል ጥሩ ነው፤ እርጥበቱ ሳይወጣ ከተጣበቀ ግን በሳምንት ውስጥ ይሻግታል። አሸዋው ሲደርቅ በእኩል ውኃ የቀጠነ ኮላ ከጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር ይንጠባጠብበታል፤ ሳሙናው ፈሳሹ በአሸዋው ላይ እንደ ጤዛ ቆሞ እንዳይቀር ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። በደሴ የጥቅምትና የኅዳር ብርድ ይህ ሥራ እስኪደርቅ ሌሊቱን ሙሉ መቆየት ይኖርበታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ቀለሙና ዕፀዋቱ የየት አገርና የየትኛው ወር ናቸው የሚለው ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከፋላ ከፍታ አሮጌ ወደሚባለው ሜዳ ወርዶ ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ተጋጠመ። ከኋላው የሚጎርሰው የስናይደር ጠመንጃና የባሕር ኃይሉ ሮኬት ባደረሱት ጥፋት 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ ገብርዬም በዚያው ወደቀ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ አምባው ተይዞ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ይህን ለመሥራት የሚነሳ ጀማሪ ከመደብር የሚመጣውን ደማቅ አረንጓዴ ሣር መቆሚያው ላይ ሁሉ ሲያፈስ መሬቱ የእንግሊዝ ሜዳ ይሆንበታል። በሚያዝያ የሚታየው የበጋው የደረቀ ሣር ሲሆን፣ የበልግ ዝናብ ባገኘበት ሥፍራ ብቻ ከሥሩ ጥቂት አዲስ ቡቃያ ይወጣል። ለደረቁ ሣር ቃጫ ተመራጭ ነው፤ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ተቆርጦ በኮላ ጠብታ ላይ ቀጥ ብሎ ሲተከል በሚዛኑ ከቁርጭምጭሚት ከፍ ያለ ሣር ይሆናል። በአሮጌው ውጊያ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ ጥሎ ስለነበር፣ በአንዳንድ መቆሚያ ላይ አፈሩን አጠቁሮ በሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ትንሽ ኩሬ ማሳየት ከታሪኩ ጋር ይስማማል። ባሕር ዛፍ ግን ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ዛሬ የወሎን ኮረብታ ሁሉ ቢሸፍንም ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከመቅደላ ጦርነት ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ዘግይቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በምትኩ ግራር፣ ወይራ፣ ጥድና ቁልቋል አሉ። ትዕይንቱ እንደ አቡነ ዮሴፍ ካለ ከፍተኛ ተራራ ከሆነ ጓሳና ጅብራ፣ የመስከረም ከሆነ ደግሞ ከቢጫ ስፖንጅ ብናኝ የሚሠራ አደይ አበባ ቦታውንና ወሩን ያለ ጽሑፍ ያስታውቃሉ።

የአፈሩም ቀለም አንድ አይደለም። ለዋልካ መሬት ጥቁር ግራጫ፣ ለቀይ አፈር የሸክላ መልክ ያለው ቡኒ ይቀባና ሲደርቅ በደረቅ ቡሩሽ ይነካል፤ ይኸውም ፈዘዝ ያለ ቀለም ተነክሮ በጨርቅ ላይ እስኪያልቅ ድረስ የተጠረገ ቡሩሽ በአሸዋው ላይ በስሱ ሲጎተት የጠጠሩን ጫፍ ብቻ እያበራ ይሄዳል። ያው ፈዛዛ ቀለም በወታደሩ እግርና በኩታው ጫፍ ላይ እንደ አቧራ ሲነካ ምስሉ ከመሬቱ ጋር ይዋሐዳል። መነሻውን ቀለም በሚረጭ ቆርቆሮ የሚቀባ ሰው ጉም የደሴውን የጦሳ ተራራ በሸፈነበት የሐምሌ ጠዋት ባይረጭ ይመረጣል፤ በእርጥብ አየር የተረጨ ቀለም ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ይቀራል።

ፈረሰኛና መድፍ ለሁለተኛ ደረጃ የሚቆዩ ናቸው። በአድዋ በራስ ሚካኤል የተመራው የወሎ ፈረሰኛ ለማንም አምሮት የሚቀሰቅስ ቢሆንም፣ የፈረሱ አካል በሁለት ግማሽ ስለሚመጣ የጀርባውና የሆዱ መጋጠሚያ በስቱኮ መደፈን፣ ቀጫጭን እግሮቹም ቢያንስ በሁለት ነጥብ መሬቱን ረግጠው መጣበቅ አለባቸው። በጋፋት ተሠርቶ ወራት በፈጀ ጉዞ በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ የተጎተተው፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በአምባው ላይ ስላለ፣ ሞዴሉን ከጄሶና ከካርቶን ጥቅል ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ከራሱ ከመድፉ መልኩን መውሰድ ይችላል። የናፒየር ጦር መድፎች ያጓጓዘባቸው 44 ዝሆኖች ደግሞ በ28 ሚሊ ሜትሩ ሚዛን ሰፋፊ መቆሚያ ስለሚፈልጉ የጀማሪ ሥራ አይደሉም።

ሥራው ሲያልቅ የመቆሚያው ጠርዝ በአንድ ወጥ ቡኒ ወይም ጥቁር ይቀባል፣ ምስሉም ሁሉ በማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይሸፈናል። በጨዋታ ጊዜ ሞዴሉ የሚነሳው በጠርዙ ተይዞ እንጂ በጦሩ ወይም በጭንቅላቱ አይደለም፤ በመንገድ ሲጓዝም ቆርኪው ብረት ስለሆነ፣ ታችኛው ወለሉ ላይ የማግኔት ንጣፍ በተለጠፈበት የጫማ ካርቶን ውስጥ ቆሞ ይሄዳል።