ኢንቨርስ ኮንደምኔሽን ምንድን ነው?

በሰሜን ካሊፎርኒያ ተራሮች መካከል፣ ከፍተኛ ኃይል በሚሸከም መስመር ማማ ላይ አንድ ቆልማማ የብረት ማንጠልጠያ ነበር። ገመዱን የያዘውን ኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ ወደ ማማው እንዳያልፍ የሚከለክል ዕቃ) ተሸክሞ ወደ 100 ዓመት ገደማ በነፋስ ሲወዛወዝ ኖረ። ብረት ከብረት ሲፋተግ ማንጠልጠያው ቀስ በቀስ እየተበላ ሳሳ፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2018 ማለዳ ተበጠሰ። የተለቀቀው ገመድ ማማውን ነክቶ ብልጭታ ረጨ፣ ከሥር ያለው ደረቅ ሣር ተያያዘ። ፓራዳይዝ የምትባለው ከተማ በሰዓታት ውስጥ ነደደች። ሰደድ እሳቱ 85 ሰዎች ገደለ፤ ከ18,000 በላይ ቤቶችና ሕንፃዎችን አወደመ። የመስመሩ ባለቤት ፓስፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ፣ በአጭሩ ፒጂ ኤንድ ኢ ነበር።

ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ካሳ ለማግኘት ምን ማስረዳት አለበት? በተለመደው አሠራር የኩባንያውን ጥፋት ነው፦ መፈተሽ ሲገባው አለመፈተሹን፣ መቀየር ሲገባው አለመቀየሩን። የጥገና መዝገቡ ደግሞ በኩባንያው እጅ ነው፤ ከሳሹ የቀረው አመድ ብቻ ነው። በካሊፎርኒያ ግን ሌላም በር አለ። ስሙ ኢንቨርስ ኮንደምኔሽን ነው።

ኮንደምኔሽን ማለት መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረትን በካሳ የሚወስድበት ሥልጣን ነው። መንገድ የሚያልፍበት ቤት ካለ ያስገምታል፣ ይከፍላል፣ ያስለቅቃል። ኢንቨርስ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ንብረቱ ለሕዝብ አገልግሎት በተሠራ ነገር ምክንያት አስቀድሞ ጠፍቷል፤ ያስገመተም የከፈለም የለም። ስለዚህ ክሱን የሚጀምረው ባለንብረቱ ነው፤ «ንብረቴ ለሕዝብ ጥቅም እንደተወሰደ ይቆጠርልኝና ካሳዬ ይከፈለኝ» ይላል። መሠረቱ የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 19 ነው። ይህ ድንጋጌ ካሳ የሚሰጠው ለተወሰደ ንብረት ብቻ ሳይሆን ለተጎዳም ጭምር ነው፤ ሰደድ እሳት የሚገባው በዚችው «ለተጎዳ» በምትለው ቃል ነው።

እዚህ ላይ «ኩባንያ መንግሥት ነው እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999 በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ኤዲሰን ላይ በቀረበ ክስ መልስ ሰጥቶበታል፦ የግል ኩባንያ ቢሆንም ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው ለሕዝብ ነው፣ በአካባቢውም ተፎካካሪ የለውም፣ ስለዚህ ደንቡ ይመለከተዋል። ከዚያ ወዲህ ከሳሹ ለንብረቱ ካሳ የኩባንያው መሣሪያ የጉዳቱ ጉልህ መንስኤ መሆኑን ካስረዳ ይበቃዋል። ቸልተኝነትን ማረጋገጥ አይጠበቅበትም፤ የጠበቃ ወጪውም ይተካለታል።

ደንቡ የሚያየው ግን ንብረትን ብቻ ነው። ለሞተና ለቆሰለ ሰው ጥፋትን ማስረዳት ግድ ነው። ፒጂ ኤንድ ኢ እ.ኤ.አ. በ2020 በቸልተኝነት ሰው በመግደል በቀረቡበት 84 ክሶች ጥፋተኛ ነኝ ብሏል። ኩባንያ አይታሰርምና የተጣለበት መቀጮ ወደ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር ከ84 ነፍስ ጎን ማስቀመጥ ይከብዳል።

ከደንቡ ጀርባ ያለው ሐሳብ ጉዳትን ማካፈል ነው። መብራቱን ሁሉም ይጠቀማል፤ ኪሳራው በጥቂት ቤተሰቦች ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም፤ ኩባንያው ከፍሎ ወጪውን በታሪፍ ለደንበኞች ሁሉ ያዳርሰው። ክርክሩ የሚጋጋለው እዚህ ላይ ነው፣ ታሪፍ የሚፈቅደው ሌላ አካል ነውና። ሳን ዲዬጎ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተነሡ እሳቶች ወጪ ሳይሸፈንለት የቀረውን 379 ሚሊዮን ዶላር ከደንበኞች ልሰብስብ ሲል፣ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በ2017 «መስመሮችህን በአግባቡ አላስተዳደርክም» ብሎ ከለከለው። ኩባንያዎቹ ያን ጊዜ «እንደ መንግሥት ታስከፍሉናላችሁ፣ እንደ መንግሥት ግብር እንዳንጥል ግን ትከለክሉናላችሁ» ብለው ጮኹ። አቤቱታቸው ፍሬ የለውም አልልም። ለእኔ ግን ኮሚሽኑ ልክ ነበር። ተጎጂው ያለ ክርክር ይካስ፤ ገንዘቡ ከባለአክሲዮን ይውጣ ወይስ ከደንበኛ የሚለው ደግሞ በኩባንያው ጥንቃቄ ይለይ። ሁለቱ ጥያቄዎች ከተደባለቁ ማንጠልጠያውን ለመቀየር የሚቸኩል አይኖርም።

ፒጂ ኤንድ ኢ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2019 የኪሳራ ጥበቃ፣ ማለትም ባለዕዳ በፍርድ ቤት ሥር ከአበዳሪዎቹ የሚጠለልበትን ሥርዓት፣ ጠየቀ። ለተጎጂዎች 13.5 ቢሊዮን ዶላር ያለው የአደራ ፈንድ ተቋቋመ፤ ግማሹ ግን ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን የኩባንያው አክሲዮን ነበር። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ካሳቸው እንዲሞላ ያቃጠላቸው ኩባንያ አክሲዮን ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ ነበረባቸው።

በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ግዛቲቱ ኤቢ 1054 የተባለውን ሕግ አወጣች። ወደ 21 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የሰደድ እሳት ፈንድ አቋቋመ፤ ግማሹ ከባለአክሲዮኖች፣ ግማሹ ከደንበኞች ወርሃዊ ክፍያ የሚዋጣ ነው። ኩባንያዎቹ ዛፍ የሚቆርጡበትን፣ ገመድ የሚሸፍኑበትን፣ በነፋስ ቀን ኃይል የሚያቋርጡበትን እቅድ እንዲያቀርቡም ያስገድዳል። የሚያሳስበኝ አንድ ድንጋጌ ነው። የደህንነት ሰርተፊኬት ያለው ኩባንያ፣ ሌላ ወገን ከባድ ጥርጣሬ ካላስነሣበት በቀር፣ በአግባቡ እንደሠራ ይቆጠራል። ጥፋቱ ቢረጋገጥ እንኳ ለፈንዱ የሚመልሰው ገንዘብ ጣሪያ አለው። ሰርተፊኬት የሚሰጠው በእቅድና በወረቀት ነው፤ የተበላን ብረት የሚያሳየው ግን ማማው ላይ የወጣ ሠራተኛ ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 በሎስ አንጀለስ አጠገብ ኢተን የተባለው እሳት አልታዲናን አቃጠለ፤ 19 ሰዎች ሞቱ፣ ከ9,000 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። ጥርጣሬው ካረፈባቸው ነገሮች አንዱ ከ1971 ጀምሮ አገልግሎት ሳይሰጥ ቆሞ የቀረ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ኤዲሰን መስመር ነው። በዚያች ሌሊት ኩባንያው የጸና የደህንነት ሰርተፊኬት ነበረው።