የነርቭ ውጥረት ፍተሻ በፊዚዮቴራፒ ምርመራ፦ አሠራሩ፣ አነባበቡና የጎንደር ታማሚ

የነርቭ ውጥረት ፍተሻ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የታማሚውን እግር፣ ክንድ ወይም አከርካሪ በተወሰነ ቅደም ተከተል እያንቀሳቀሰ፣ ነርቩ ሲለጠጥና ሲንሸራተት ሕመም ያስነሣ እንደሆነ የሚያይበት የእጅ ምርመራ ነው። ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ጠንካራ አልጋ፣ ስስ ትራስና የመገጣጠሚያን ማዕዘን የሚለካ ጎኒዮሜትር ይበቃል። «ውጥረት» የሚለው ስም በልማድ የቀረ ነው፤ ነርቭ ይወጠራል ብቻ ሳይሆን በሥጋና በአጥንት መካከል ባለው መተላለፊያው (የነርቩ «አልጋ» በሚባለው) ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፣ በጠባብ ቦታም ይጨመቃል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ባለሙያዎች «ኒውሮዳይናሚክስ» (የነርቭ እንቅስቃሴ) ማለትን ይመርጣሉ።

በጎንደር ትምህርቱም አገልግሎቱም የሚገኘው በጎንደር ዩኒቨርሲቲና በስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ ነው። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ የተቋቋመው ተቋም ዛሬ ፊዚዮቴራፒን ከሚያስተምሩት መካከል ነው። ወደ ክፍሉ የሚመጣው ሰው ከደባርቅ ወይም ከመተማ አውቶቡስ ላይ ለሰዓታት ተቀምጦ የደረሰ ሊሆን ይችላል፤ ወጌሻ ጋ ታሽቶ የመጣም ብዙ ነው። ሁለቱም ፍተሻውን ያዛባሉ። ረጅም ጉዞ ከወገብ በመቀመጫ አድርጎ ወደ እግር የሚወርደውን የሳያቲክ ነርቭን አስቆጥቶ ያቆያል፣ የታሸ ጡንቻም ለጥቂት ቀን ራሱን ችሎ ያማል። ታማሚው ሩብ ሰዓት ያህል ጋደም ብሎ ካረፈ በኋላ መጀመር ይሻላል።

ከእጅ በፊት ግን ቃል ይቀድማል። በአማርኛ «ጅማት» ስንል ጡንቻን ከአጥንት የሚያያዘውንም፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያዘውንም፣ አንዳንዴ ነርቭንም ማለታችን ነው፤ «ደም ሥሬ ተወጠረ» የሚል ታማሚም ነርቩን ሊሆን ይችላል የሚናገረው። «የት ያምዎታል?» ብቻ ማለት አይበቃም። «ይነዝርዎታል፣ ያቃጥልዎታል፣ ይደነዝዝዎታል ወይስ ዝም ብሎ ይወጥርዎታል?» ብሎ መጠየቅ፣ መሥመሩንም በጣቱ እንዲያሳይ ማድረግ ያስፈልጋል። ከወገብ ተነሥቶ በመቀመጫ፣ በባት አድርጎ እስከ እግር ጣት የሚወርድ ንዝረት አንድ ነገር ነው፤ ከጭን ኋላ ብቻ የሚሰማ መወጠር ሌላ። በዐቢይ ጾም ስግደት ሲያበዙ የተነሣባቸውን ሰዎች «ሲያጎነብሱ ነው ወይስ አንገትዎን ሲያቀረቅሩ?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል፤ ወገብን ማጉበጥና አንገትን ማቀርቀር ከታች የሚገለጸው የመጉበጥ ፍተሻ ሁለት ደረጃዎች ናቸውና።

የፍተሻው መሠረት የነርቭ ሥርዓት ከአንጎል እስከ ጣት ጫፍ ያልተቆራረጠ መሆኑ ነው። አከርካሪ ወደ ኋላ ከተለጠጠበት ወደ ፊት ሲጎብጥ የህብለ ሰረሰሩ ቦይ ከ5 እስከ 9 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ክርንና የእጅ አንጓ ከታጠፉበት ሲዘረጉ በክንድ አልፎ ወደ መዳፍ የሚወርደው የሚዲያን ነርቭ አልጋ አንድ አምስተኛ ያህል ይረዝማል። በጥንቸል ነርቭ ላይ በተሠራ ሙከራ 8 በመቶ መለጠጥ ከነርቩ የሚመለሰውን ደም ማወክ ሲጀምር 15 በመቶ ደግሞ የደም ፍሰቱን ፈጽሞ አቁሟል። ከዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ካለው ትራስ መሰል አካል)፣ ከጠባሳ ወይም ከጠባብ መተላለፊያ የተነሣ መንሸራተት ያቃተው ነርቭ ጤነኛው የሚችለውን እንቅስቃሴ የማይችለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የቆየው እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሣት ነው። ሰርቢያዊው ሐኪም ላዛሬቪች እ.ኤ.አ. በ1880 ገልጾታል፤ በዓመቱ የፈረንሳዩ ላሴግ ተማሪ ፎርስት ጻፈበት፣ ስሙም በላሴግ ቀረ። ታማሚው በጀርባው ይተኛል፤ ትራስ ከራሱ ሥር ከተደረገ በሁለቱም ጎን ፍተሻና በቀጣዩ ቀጠሮ ያው ትራስ ይሁን። ባለሙያው አንድ እጁን ከተረከዝ በላይ ሌላውን ከጉልበት በላይ አድርጎ፣ ጉልበቱ እንዳይታጠፍ፣ ጭኑ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እንዳይዞር ይዞ ቀስ ብሎ ያነሣል። ታማሚው የራሱ ሕመም ሲመጣ እንዲናገር አስቀድሞ ይነገረዋል። የዲስክ ችግር ሕመሙን ብዙ ጊዜ ከ35 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ያመጣል፤ ከ70 በላይ የሚሰማው ባመዛኙ ከጡንቻ ወይም ከዳሌና ከወገብ መገጣጠሚያ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ተማሪ የሚሳሳት። እግር ሲነሣ ማመሙ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ የጤነኛ ሰውም ጭን ከኋላ ይወጠራል። ፍተሻው ነርቭን አመለከተ የሚባለው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ የመጣው ታማሚው ለሕክምና የመጣበት የራሱ ሕመም መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ከሚያመው ቦታ ራቅ ያለ መገጣጠሚያ ሲንቀሳቀስ ሕመሙ መለወጥ አለበት። ለምሳሌ ሕመሙ መቀመጫ ላይ ከሆነ እግሩ ባለበት ተይዞ ቁርጭምጭሚት ብቻ ወደ ቅልጥም አቅጣጫ ይታጠፋል። የመቀመጫ ጡንቻ እግር ጣት ድረስ አይሄድም፤ ነርቩ ግን ይሄዳል። ሕመሙ በዚህ ከባሰ፣ ሲለቀቅም ከቀነሰ፣ ተጠያቂው ነርቭ ነው። የእግሩን መዳፍ ወደ ላይ አጥፎ ወደ ውጭ ማዞር የቲቢያል ነርቭን፣ ወደ ታች ዘርግቶ ወደ ውስጥ ማዞር ደግሞ በጉልበት ጎን የሚያልፈውን የፔሮኒያል ነርቭን ለይቶ ያስጨንቃል።

ጠባብ ጂንስ ወይም የታሰረ ቀበቶ እግርን 50 ዲግሪ ላይ ሊያቆም ይችላል። ረጅም ቀሚስ የለበሱ ሴቶችም ልብሱ እንዳይገለብ ሲሉ ጡንቻቸውን ይይዛሉ፤ አንሶላ ወይም የራሳቸውን ነጠላ ከወገብ በታች ማልበስና መጋረጃ መዝጋት ከጨዋነትም አልፎ ንባቡን ትክክል ያደርጋል።

እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሣት ለቀዶ ሕክምና በተላኩ የወገብ ታማሚዎች ላይ ሲመዘን የዲስክ ችግር ካለባቸው 91 በመቶውን ይይዛል፤ ችግሩ ከሌለባቸው ግን ነጻ የሚያወጣው 26 በመቶውን ብቻ ነው። ጤነኛውን እግር ሲያነሡ የታመመው እግር ቢነዝር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚያዘው 29 በመቶ ብቻ ቢሆንም ችግሩ ከሌለባቸው 88 በመቶውን ነጻ ያወጣል። ስለዚህ ጤነኛውን እግር ሳይፈትሹ ማለፍ ትልቅ ማስረጃ መጣል ነው።

ተቀምጦ የሚሠራውን የመጉበጥ ፍተሻ፣ ተማሪዎች ስላምፕ የሚሉትን፣ አውስትራሊያዊው ሜትላንድ እ.ኤ.አ. በ1979 ገለጸው። ታማሚው ጭኑ ሙሉ በሙሉ አልጋው ላይ አርፎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቀመጣል። መቀመጫው ሳይንሸራተት ጀርባው ይጎብጣል፣ አገጩ ወደ ደረቱ ይወርዳል፣ ጉልበቱ ይዘረጋል፣ በመጨረሻ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል። በእያንዳንዱ ደረጃ «አሁንስ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ ሌላው ሁሉ ባለበት አንገት ብቻ ይቃናል። የባት ንዝረት አንገት ሲቃና ከቀነሰና ጉልበቱም ትንሽ ይበልጥ ከተዘረጋ መልሱ ተገኘ። የተለመደው ስሕተት አንገት ሲቃና ጀርባውም አብሮ ሲቃና አለማስተዋል ነው፤ ያን ጊዜ የተለወጠው ምን እንደሆነ አይታወቅም።

ለፊት ጭን ሕመም በሆድ ተኝቶ ጉልበትን ማጠፍ በጭን ፊት የሚወርደውን የፌሞራል ነርቭን ይፈትሻል፤ የጭኑ ጡንቻም አብሮ ስለሚለጠጥ ለመለየት በጎን አስተኝቶ አንገትን እያቀረቀሩ ማየት ይመረጣል።

የክንዱ ፍተሻ ኤልቪ በተባለ አውስትራሊያዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ ነው። ለሚዲያን ነርቭ ታማሚው በጀርባው ተኝቶ ትከሻው ወደ ጆሮው እንዳይወጣ በባለሙያው እጅ ይያዛል፤ ክንዱ ወደ ጎን 90 ዲግሪ ያህል ይከፈታል፣ መዳፉ ወደ ላይ ይዞራል፣ አንጓውና ጣቶቹ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ፣ ክንዱ ወደ ውጭ ይዞራል፣ በመጨረሻ ክርኑ ይዘረጋል። ለመለየት አንገት ወደ ሌላኛው ጎን ያዘነብላል። በጤነኛ ሰውም ክርን ውስጥ መጎተትና አውራ ጣት አካባቢ ንዝረት የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ከሌላው ክንድ ጋር ሳይነጻጸር ንባብ የለም፣ ክርኑ ላይ የ10 ዲግሪ ልዩነትም ትርጉም አለው። ራዲያል ነርቭ ሲፈተሽ ክንዱ ወደ ውስጥ ዞሮ አንጓው ወደ ታች ይታጠፋል፤ በክርን ውስጠኛ ጎን ለሚያልፈው ለአልናር ነርቭ ክርኑ ታጥፎ መዳፉ ወደ ጆሮ ይመጣል።

ፍተሻው የማይደረግባቸው ሁኔታዎች አሉ። ሽንት ማቆም ወይም መቆጣጠር ያቃተው፣ በመቀመጫና በብልት ዙሪያ የደነዘዘው፣ ድክመቱ በየቀኑ የሚብስ፣ አዲስ የአጥንት ስብራት ያለበት ሰው በቀጥታ ወደ ሐኪም ይላካል። የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስና ጀርባ ላይ የወጣ ጉብታ የአከርካሪ ቲቢን ያሳስባሉ፤ እንዲህ ያለውን አከርካሪ በኃይል ማጉበጥ ጉዳት ነው። ነርቩ በጣም የተቆጣበት ሰው ደግሞ ፍተሻው ካለቀ በኋላም ሕመሙ ለሰዓታት ሊቆይበት ይችላል። በአንድ ቀን አንድ ወይም ሁለት ፍተሻ፣ ሕመሙ ገና ብቅ ሲል መቆም፣ እዚያው ላይም ከጥቂት ሰከንድ አለማለፍ ነው ደንቡ።

ሌላው ወጥመድ «አላመመኝም» የሚለው መልስ ነው። ይህ ፍተሻ ነርቩ በእንቅስቃሴ ይቆጣ እንደሆነ እንጂ መልእክት ያስተላልፍ እንደሆነ አይለካም። በስኳር ወይም በሥጋ ደዌ ስሜቱን ያጣ ነርቭ ተለጥጦም ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ የቆዳ ስሜት፣ የጡንቻ ጉልበትና ሪፍሌክስ (ጅማት በመዶሻ ሲመታ ጡንቻው ያለ ፈቃድ የሚሰጠው ምላሽ) አስቀድመው ይፈተሻሉ፤ በክርን ውስጠኛ ጎን ያለው አልናርና ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለው ፔሮኒያል ነርቭም በጣት ይዳሰሳሉ። ከሌላው ጎን ይልቅ የወፈረና ሲነካ የሚያም ነርቭ ከተገኘ፣ በተለይ ስሜት ካጣ የቆዳ ንጣት ጋር፣ ታማሚው ለሥጋ ደዌ ምርመራ ይላካል።

መዝገቡ ላይ «ፖዘቲቭ» ብቻ መጻፍ ለቀጣዩ ባለሙያ አይጠቅምም። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦ «ቀኝ እግር 42 ዲግሪ፣ ባት ላይ የራሷ ንዝረት፣ ቁርጭምጭሚት ሲታጠፍ ባሰ፣ ሲለቀቅ ቀነሰ፤ ግራ 75 ዲግሪ፣ ከጭን ኋላ መወጠር ብቻ፤ በአንድ ትራስ፣ ከ15 ደቂቃ ዕረፍት በኋላ።»