ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ኦም

የአጎቴ ልጅ ባለፈው ከውጭ ሄድፎን ተላከለት። ሳጥኑ ላይ «250 ኦም» ይላል፤ ኦም ማለት አንድ ነገር ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው። ስልኩ ላይ ሰካው፣ ቮሊዩሙን እስከ ጥግ ከፈተው፤ ዘፈኑ ግን ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላል። «ተበላሽቶ ነው የላኩልኝ» አለ። አንድ አሮጌ ቴፕ ነበረን፣ እሱ ላይ ሰካንለት። ወዲያው ከጆሮው ላይ ነጥቆ አወረደውና «ቀንሰው!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ኦም ያልሰማሁት ነገር የለም። ግማሹ ልክ አይደለም።

«ኦሙ ከፍ ባለ ቁጥር ድምፁ ይጠራል።»

ሄድፎን ውስጥ በማግኔት ክፍተት መሃል የተንጠለጠለች ትንሽ የሽቦ ጥቅል አለች። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት ትንቀጠቀጣለች፤ የተጣበቀችበት ስስ ሽፋንም አብሯት ይንቀጠቀጥና ድምፅ ይወጣል። ሽቦው ወፈር ብሎ ዙሩ ካነሰ ኦሙ ይወርዳል። እንደ ፀጉር ቀጥኖ ብዙ ጊዜ ከተጠቀለለ ይወጣል። በቃ፣ ቁጥሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። የጀርመኑ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 880 የሚባለውን ሄድፎን በ32፣ በ250 እና በ600 ኦም ሸጦታል።

ወሬው ግን ከባዶ አልተነሳም። በቀጭን ሽቦ የተሠራ ጥቅል ቀለል ሊል ይችላል፣ ቀላል ነገር ደግሞ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይቆማል። ለእኔ ጆሮ ግን የሄድፎኑ ስፖንጅ ሲያረጅ የሚመጣው ለውጥ ከዚህ ይበልጣል።

ታዲያ ለምን ይሠሩታል? አንዱ ምክንያት ስቱዲዮ ነው። እዚያ ከአንድ አምፕ፣ ማለትም ለሄድፎን የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ከሚያጎላ ማጉያ፣ ብዙ ሰው ያዳምጣል። ባለ 32 ኦም አራት ሄድፎን ጎን ለጎን ብትሰካ ለማጉያው የሚታየው 8 ኦም ብቻ ነው፤ ብዙ ከረንት ይስቡበታል። አራቱ ባለ 600 ከሆኑ ግን 150 ኦም ነው የሚያየው፣ አይጨነቅም። የስልክ ነገር ተቃራኒው ነው። ባትሪው 3.7 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ቮልት እንደ ልብ አይገኝም። ኢርፎኖች 16 ወይም 32 ኦም የሚሆኑት ባለችው ትንሽ ቮልት እንዲጮሁ ነው።

«ኦሙ ዝቅ ካለ ስልክ ይበቃዋል፣ ከፍ ካለ አምፕ ግድ ነው።»

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ከኦሙ ጎን ሌላ ቁጥር አለ፤ በተሰጠው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚጮህ የሚናገር። የዜንሃይዘር ኤችዲ 650 ኦሙ 300 ነው፣ በ1 ቮልት ግን 103 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይሰጣል። የሃይፍማን ኤችኢ-6 ደግሞ 50 ኦም ብቻ ነው፤ በ1 ሚሊዋት (የኃይል መለኪያ) የሚሰጠው 83.5 ዴሲቤል ነው። እስቲ ሁለቱን እኩል እናስጩሃቸው። ኤችዲ 650 የሚበቃው 3.3 ሚሊዋት ነው። ኤችኢ-6 እዚያው 103 ላይ ለመድረስ 89 ሚሊዋት፣ ከ2 ቮልት በላይ ይፈልጋል። «ቀላል» የተባለው ሃያ ሰባት እጥፍ ገደማ በላ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ 103 ዴሲቤል ጆሮ የሚጎዳ ድምፅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው።

«የአምፑ ኦም ከሄድፎኑ ጋር እኩል መሆን አለበት።»

አምፑም መውጫው ላይ የራሱ ኦም አለው። እኩል ይሁኑ የሚለው ግን ከድሮ የስልክ መስመር የተወረሰ ሐሳብ ነው። እኩል ከሆኑ ግማሹ ኃይል አምፑ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የተለመደው ስሌት የአምፑ ኦም የሄድፎኑን አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ነው፤ ለ32 ኦም 4 ወይም ከዚያ በታች። ከዚያ ካለፈ የድምፁ መልክ ይለወጣል። የሄድፎን ኦም ለባስና ለቀጭን ድምፅ አንድ ስላልሆነ ነው።

ይህን ሆን ብለው የተጠቀሙበትም አሉ። የአሜሪካው ኢቲሞቲክ ኢአር-4ፒ የሚባል 27 ኦም ኢርፎን ነበረው። ገመዱ ላይ የ75 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚቋቋም ትንሽ ዕቃ) ያለበት ማገናኛ ስትጨምርበት 100 ኦም ገደማ ወደሆነው ኢአር-4ኤስ ይቀየራል። ድምፁ ይቀንሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ግን ጎላ ይላል። እኔ እንዲህ ያለ ብልሃት ደስ ይለኛል።

«አምፕ ድምፁን ያሳምረዋል።»

የጥሩ አምፕ ሥራ ያገኘውን ሳይነካ ማጉላት ነው። ሲሞይ የሚባለውን ትንሽ አምፕ ሰዎች በራሳቸው እጅ በባዶ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ይሠሩታል፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ቺፕ፣ ጥቂት ሬዚስተር። ቮልት ላጣ ሄድፎን ሕይወት ነው። በስልክ በደንብ ለሚጮህ ኢርፎን ግን «ሽሽሽ» የሚል ጩኸት ሊጨምርበት ይችላል። «አማረ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ቮሊዩም ጨምሮ ነው። ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ሁሌም የተሻለ ይመስላል። ቮሊዩሙን እኩል አድርገህ፣ የትኛው እንደሆነ ሳታይ አወዳድር።

ለብሉቱዝ ሄድፎን አምፕ ልግዛ ወይ የሚለኝም አለ። አትግዛ። ማጉያው እዚያው ሄድፎኑ ውስጥ ነው።