ቃላቱን ወደ አማርኛ አትተርጉሙ፦ ስለ ሃርድዌር ዋሌት ደጋግሜ የምሰማቸው ስሕተቶች

የምተዳደረው ባሕር ዳር ውስጥ ኮምፒውተር በመጠገን ነው። ለውጭ አገር ደንበኞች በርቀት እየሠሩ ክፍያቸውን በክሪፕቶ (በዲጂታል ገንዘብ) የሚቀበሉ ወጣቶች ከበዙ ወዲህ፣ የተሰነጠቀ ስክሪን ብቻ ሳይሆን የማይከፈት ሃርድዌር ዋሌትም (የክሪፕቶ ቁልፍ የሚጠበቅበት ትንሽ መሣሪያ) ይዘው ወደ ሱቄ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹን የጎዳቸው የረቀቀ ጠላፊ አይደለም፤ ከጓደኛ ሰምተው እንደ እውነት የያዙት ስሕተት ነው። አንድ ዓይነት መልስ በየጊዜው መድገም ስለ ሰለቸኝ በጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በአገር ውስጥ በክሪፕቶ መገበያየት እንደማይፈቀድ እ.ኤ.አ. በ2022 ማሳሰቡ ይታወቃል፤ እኔም ግዙ ወይም ሽጡ አልልም። የምናገረው በእጃችሁ ያለው እንዳይጠፋ ስለ መጠበቅ ብቻ ነው።

«ገንዘቤ ያለው መሣሪያው ውስጥ ነው» ይላሉ። አይደለም። ገንዘቡ የተመዘገበው በብሎክቼይን፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚይዙት መዝገብ ላይ ነው፤ መሣሪያው የሚይዘው ክፍያ ለመፈረም የሚያስችለውን የግል ቁልፍ ነው። ያ ቁልፍ ደግሞ መሣሪያው መጀመሪያ ሲከፈት ከሚያሳያችሁ 12 ወይም 24 ቃላት እንደ ገና ሊወጣ ይችላል።

«ፒን ኮዱን ረሳሁት፣ አለቀልኝ» ለሚሉም መልሱ ይኸው ነው፦ መሣሪያው ይደምሰስ፣ በቃላቱም ይመለስ።

«ኦፕን ሶርስ ከሆነ ሌባውም ኮዱን ያየዋል» የሚለው ሦስተኛው ነው። ኦፕን ሶርስ ማለት የመሣሪያው ኮድ ማንም እንዲያነበው ክፍት ነው ማለት ነው። አዎን፣ ያየዋል። የቁልፍን አሠራር የሚያውቅ ቁልፍ ሠሪ ሁሉ ግን የእናንተን በር አይከፍትም። ኦገስት ኬርክሆፍስ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1883 እንደ ጻፈው፣ የምስጢር አጻጻፍ ስልት አሠራሩ በጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ሊጸና ይገባዋል፤ ተሰውሮ መቅረት ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው። የፕራጉ ኩባንያ ሳቶሺላብስ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ትሬዞር የተባለውን ሃርድዌር ዋሌት ለገበያ ያቀረበው ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ሲሆን፣ ጥቅሙም ማንኛውም ባለሙያ መርምሮ ጉድለቱን ማጋለጥ መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ክራከን የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ የደኅንነት ባለሙያዎች መሣሪያውን 15 ደቂቃ ያህል በእጁ ያስገባ ሰው ቃላቱን ከውስጡ ሊያወጣ እንደሚችል አሳይተዋል። ባለቤቶችም በቃላቱ ላይ የራሳቸውን ተጨማሪ የይለፍ ሐረግ እንዲጨምሩ የተመከሩት በዚህ የተነሣ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው እምነት፣ ማለትም «ኦፕን ሶርስ ነውና አስተማማኝ ነው» የሚለው፣ በስሕተትነቱ ከዚያ አያንስም። ሊብቢትኮይን ኤክስፕሎረር የተባለው የዋሌት ሶፍትዌር ኮዱ ለዓመታት ለሁሉም የተገለጠ ነበር፤ ሆኖም ቃላቱን ሲያወጣ ይጠቀምበት የነበረው ዕጣ (የዘፈቀደ ቁጥር) በ32 ቢት፣ ማለትም በ32 የዜሮና የአንድ አሃዞች የተወሰነ ስለ ነበር፣ ሊወጡ የሚችሉት አማራጮች ከ4.3 ቢሊዮን አይበልጡም ነበር። ይህ ቁጥር ለሰው ብዙ ቢመስልም ለኮምፒውተር ጥቂት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ሌቦች ሁሉንም ሞክረው ብዙ ዋሌቶችን ባዶ አደረጉ። ክፍትነት የሚጠቅመው ያነበበው ሰው ካለ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፦ «ቃላቱን ወደ አማርኛ ተርጉሜ ብጽፋቸው ሌባ ቢያገኛቸውም አይገባውም» የሚለው ነው። ይህን የሚያደርጉት ሰነፎች ሳይሆኑ ጠንቃቆቹ ሰዎች በመሆናቸው ይበልጥ ያሳዝነኛል።

ዋሌቶች ቃላቱን የሚያወጡበት ቢፕ 39 የተባለው ደንብ 2,048 ቃላት ያሉት ዝርዝር አለው። ዝርዝሩ ከእንግሊዝኛ ሌላ በጃፓንኛ፣ በኮሪያኛ፣ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛና በሌሎችም ተዘጋጅቷል፤ በአማርኛ ግን የለም። ዋሌቱ ቁልፉን የሚያሰላው ከቃላቱ ትርጉም ሳይሆን ከፊደላቱ ስለሆነ፣ አንድ ፊደል ከተለወጠ የሚወጣው ፈጽሞ ሌላ ቁልፍ ነው። አማርኛው ደግሞ ወደ እንግሊዝኛው ሲመለስ በአንድ መንገድ ብቻ አይመለስም። «መንገድ» ብላችሁ የጻፋችሁት ቃል ዌይ፣ ሮድ፣ ፓዝ፣ ሩት ወይም ስትሪት ሊሆን ይችላል፤ አምስቱም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ።

ሽምብጥ አካባቢ የሚኖር አንድ የግራፊክስ ባለሙያ 12ቱን ቃላት በዚህ ዓይነት ተርጉሞ በደብተር ጽፎ ነበር። መሣሪያው ሲበላሽበት ደብተሩን ይዞ መጣ። ስምንቱ ቃላት ያለ ጥርጥር ተመለሱ። በቀሩት አራቱ ላይ «መንገድ»፣ «መጀመር»፣ «ምክንያት» እና «ነገር» የሚል ተጽፏል። «መጀመር» ቢጊን ወይም ስታርት፣ «ምክንያት» ኮዝ ወይም ሪዝን ነው፤ «ነገር» ደግሞ ቲንግ፣ ማተር፣ ኦብጀክት፣ አይተም ወይም ስታፍ ሊሆን ይችላል። 5 በ2፣ በ2፣ በ5 ሲባዛ 100 አማራጭ ይሆናል። የመጨረሻው ቃል የቀደሙትን የሚያረጋግጥ 4 ቢት በውስጡ ስለሚይዝ፣ በዘፈቀደ ከተሰደሩ 16 ስብስቦች መካከል ደንቡን የሚያልፈው በአማካይ አንዱ ነው። ከኢንተርኔት በተነጠለ ኮምፒውተር መቶውን ስንፈትሽ ሰባቱ አለፉ፤ ከሰባቱም አንዱ እርሱ ቀድሞ ገንዘብ ይቀበልበት የነበረውን አድራሻ ሰጠን። ያ ሰው አድራሻውን ባያስቀምጥ ኖሮ፣ ወይም አሻሚዎቹ ቃላት አራት ሳይሆኑ ዘጠኝ ቢሆኑ ኖሮ፣ ነገሩ በዚያ መልክ ባልተጠናቀቀም ነበር።

«እሺ፣ አልተረጉምም፤ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ፊደል እጽፈዋለሁ» የሚሉም አሉ። እሱም አይሠራም። «ራይት» ብሎ የጻፈ ሰው «ቀኝ» ማለቱ ይሁን «ጻፍ» ማለቱ አይታወቅም፤ ሁለቱም በዝርዝሩ አሉ። «ፒስ»ም «ሰላም» ወይም «ቁራጭ» ነው፤ እነሱም ሁለቱም አሉ። ደንቡ ለዚህ መላ አበጅቶለታል፦ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በመጀመሪያዎቹ አራት የላቲን ፊደላት ከሌሎቹ ይለያል። እንግዲህ በላቲን ትልልቅ ፊደላት፣ ቁጥራቸው ከ1 እስከ 12 ወይም እስከ 24 ተሰጥቷቸው፣ ቅደም ተከተላቸው ሳይፈርስ ይጻፉ። መሰወር ያለበት ወረቀቱ ነው፣ ቃሉ አይደለም።

ስለ ወረቀቱ ካነሣሁ፣ «በስልኬ ፎቶ አንሥቼዋለሁ» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፦ ፎቶው ሳታውቁት ወደ ጉግል ወይም ወደ ሌላ የኢንተርኔት ማከማቻ ሊወጣ ይችላልና ዛሬውኑ አዲስ ቃላት አውጥታችሁ ገንዘቡን አዛውሩ። በደብተር ወረቀት በእስክሪብቶ የጻፋችሁም፣ የዘጌ ገዳማት መጻሕፍት ለዘመናት የቆዩት በብራና በመሆናቸው እንደ ሆነ አስቡ፤ የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ተራ ወረቀትን አይምርም። ከማይዝግ ብረት በተሠራ ቁራጭ ላይ ፊደል እየመታችሁ ብትቀርጹት ውኃም ሆነ የቤት ቃጠሎ አያጠፋውም፤ ብረቱ የሚቀልጠው ወደ 1,400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ነው። ነገር ግን ራሳችሁ ምቱት። በባለሙያ ካስቀረጻችሁት ቃላቱን ለእርሱ ሰጣችሁት ማለት ነው።

«ቃላቱ ከመሣሪያው ጋር ተጽፈው መጡ፤ እንደ ሞባይል ካርድ ፍቄ አየኋቸው» ያለችኝ ደንበኛ፣ ከውጭ በመጣ ሰው በኩል የገዛችው መሣሪያ ነበር። ዓይኔን አላመንሁም፤ ደግነቱ ገና ገንዘብ አላስገባችበትም። እውነተኛ መሣሪያ ቃላቱን የሚያወጣው በእናንተ ፊት፣ በራሱ ስክሪን ነው። ቀድሞ የተጻፈ ካርድ ያለው ሁሉ የሌባ ነው።

«የራሴን ቃላት እመርጣለሁ» የሚልም አለ። የሰው ምርጫ ይገመታል። መሣሪያውን የማያምን ሰው ዳይስ ይጣል፤ ለ24 ቃላት 99 ጊዜ ያህል መጣል ያስፈልጋል። ውጤቱንም ወደ ቃላት የሚለውጠው መሣሪያ ከኢንተርኔት የተነጠለ ይሁን እንጂ፣ በቴሌግራም የተላከ ሊንክ አይሁን።

ደንበኞቼ ሁሉ ገንዘብ ከማስገባታቸው በፊት አንድ ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። ቃላቱን ከጻፉ በኋላ የመጀመሪያውን መቀበያ አድራሻ ይመዘግባሉ፤ መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ ይደመስሳሉ፤ ከዚያም ከጻፉት ብቻ እያነበቡ ይመልሱታል። የወጣው አድራሻ ከተመዘገበው ጋር በፊደል ደረጃ አንድ ካልሆነ፣ ወረቀቱን አቃጥለው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። የሽምብጡ ደንበኛዬ አዲሱን መሣሪያ ሲያዘጋጅ ይህን ሁለት ጊዜ አድርጓል፤ በመጀመሪያው ሙከራ 7ኛውንና 8ኛውን ቃል አቀያይሮ መጻፉ ታወቀ።