የጡንቻ አሞኒያ ምንድን ነው? የልብ ድካም ያለበት ሰው እግሩ ለምን ቶሎ ይዝላል?

አጎቴ ከደምበጫ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ነው። የልብ ድካም ካገኘው ወዲህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለችው አጭር ዳገት ሁለት ጊዜ ታስቀምጠዋለች። መጀመሪያ ዋንዛው ስር፣ ቀጥሎ በሩ ላይ። ጭኑን በመዳፉ እየመታ «የከዳኝስ እግሬ ነው» ይላል። እኛ ደግሞ «አይ ጋሼ፣ ልብህ ነው እንጂ እግርህ ምን ሆነ» እንለዋለን። ስለ አሞኒያ ካነበብኩ በኋላ ግን መከራከሩን ተውኩት።

አሞኒያን በጠረኑ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጠዋት በረቱ ሲከፈት ዓይን የሚቆጠቁጠው እሱ ነው። ሰውነታችንም በየቀኑ ያመርተዋል። አንጀት ውስጥ ይፈጠራል፣ ፕሮቲን ሲፈርስ ይፈጠራል፣ የሚሠራ ጡንቻም ይፈጥረዋል። የአጎቴ ጉዳይ ያለው እዚህ የመጨረሻው ላይ ነው።

ጡንቻ የሚንቀሳቀሰው ኤቲፒ በሚባል ንጥረ ነገር ጉልበት ነው። ኤቲፒ ሲሠራበት ወደ ኤዲፒ ይወርዳል። ሜዳ ላይ ቀስ ብለን ስንሄድ ኦክስጅኑ ይበቃል፣ ኤዲፒው ተመልሶ ኤቲፒ ይሆናል። ዳገት ሲመጣ ግን ወጪው ከገቢው ይበልጣል። ያኔ ጡንቻው ሁለት ኤዲፒ አጋጭቶ አንድ ኤቲፒ ያወጣል። የሚተርፈው ኤኤምፒ ነው። ይህ ትርፍ ከተከማቸ ዘዴው ይቆማል፣ ስለዚህ አንድ ኢንዛይም (በሰውነት ውስጥ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል። ከዚያ ለውጥ ነው አሞኒያ የሚወጣው። በከባድ ሥራ ጊዜ ደም ውስጥ አሞኒያ ከፍ አለ ማለት እንግዲህ፣ ጡንቻው ጉልበት አጥሮት ከጎተራው ስር እየጠረገ ነው ማለት ነው።

ጤነኛ ሰውም ጠንክሮ ሲሮጥ አሞኒያው ይጨምራል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ግን እዚያ የሚደርሰው ገና በቀላል ሥራ ነው። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ልብ በቂ ደም ወደ እግር አይልክም። ሁለተኛው ብዙም አይነገርም፦ ጡንቻው ራሱ ይለወጣል። ኦክስጅን ተጠቅመው ጉልበት የሚያመርቱት ማይቶኮንድሪያዎች ይቀንሳሉ። ሳይደክሙ ረጅም የሚሠሩት ክሮች እያነሱ፣ ቶሎ የሚዝሉት ይበዛሉ። ያ አሞኒያ አውጪ ኢንዛይም ደግሞ በብዛት ያለው ቶሎ በሚዝሉት ውስጥ ነው። አጎቴ «እግሬ ከዳኝ» ሲል ልክ ነበር።

የወጣው አሞኒያ የት ይሄዳል? ከፊሉን ጡንቻው ግሉታሚን የሚባል አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ) አድርጎ ይይዘዋል። ጉበት ደግሞ ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል። ይህን ዑደት በ1932 እ.ኤ.አ. ያወቁት ሃንስ ክሬብስና ኩርት ሄንሴላይት ናቸው። አዎ፣ ያው ዩሪያ ነው፤ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ የምንጨምረው ነጩ ማዳበሪያ። ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ልብ በጣም ሲደክም ግን ደም ወደ ጉበት ተመልሶ ይጠራቀማል፤ ጉበትም ሥራው ሊከብደው ይችላል።

ድሮ እንዲህ ያለ ታማሚ «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ» ይባል ነበር። መተኛት ግን ያንኑ ጡንቻ ይብስ ያቀልጠዋል። ኤችኤፍ-አክሽን የተባለው ጥናት 2,331 የልብ ድካም ታማሚዎችን ተከታትሎ ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የተመጠነ እንቅስቃሴ በሽታው ለተረጋጋላቸው ሰዎች ደህና መሆኑን አሳይቷል። የሰለጠነ ጡንቻ ማይቶኮንድሪያው ይጨምራል፤ ለዚያው ሥራ የሚያወጣው አሞኒያም ይቀንሳል።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። በአገራችን ብዙ ሰው ልቡ የሚደክመው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ በመጣ የልብ ቫልቭ ጉዳት ነው። የጠበበ ቫልቭ ላለው ሰው እንቅስቃሴ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። እግር ያበጠ፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው በእግር ጉዞ አይጀምርም፤ መጀመሪያ መታከም አለበት።

አጎቴ ሐኪሙ ከፈቀደለት በኋላ በሜዳው መንገድ ጀምሯል፣ እስከ ወፍጮ ቤቱ። እየሄደ ማውራት ካቃተው ይቆማል። ዋንዛው ስር አሁንም ያርፋል። እኔም ስሄድ አብሬው እቀመጣለሁ።